ቴሌቪዥን ያሳየን የአማቾቻችን ሰፈር

ከደሴ የተነሳሁት በማለዳ ነው። ቆቦ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ዘሃራ የምትባል ልጅ ወዶ፣ አባታችን አጎታችንን ሽማግሌ አድርጎ ሊልክ ተስማምቶ ነበር። በመሃል የልጅቷ ሰፈር በዜና ታየ። አንድ የምርጫ ተወዳዳሪ ቦይ ዳር ቆሞ፣ «እዚህ የሚኖረው ሕዝብ ተስፋ የቆረጠ ነው» አለ። አባቴ ይህን ሰምቶ አመነታ። «እስቲ ሂጂና በዓይንሽ አይተሽ ነይ» አለኝ።

ወልድያ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ጎብዬ ለሻይ ስንቆም አብራኝ የተሳፈረች ሴት ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ሰፈሩን ስነግራት፣ «እርዳታ ልትሰጪ ነው?» አለች። «ሰው ልጠይቅ ነው» አልኳት። ከጎብዬ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ግራና ቀኝ ቆሟል፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ይጋረፋል።

ከቆቦ መናኸሪያ ባጃጅ ቦዩ ዳር አደረሰኝ። በዜና ያየሁት ራሱ ነው፤ ቆሻሻውም አለ። የዘሃራ እናት ወይዘሮ ፋጡማ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ነይ ልጄ፣ ፀሐዩ ገደለሽ» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ወዲያው ጎረቤቱ መጣ፤ አንዷ እርጎ፣ ሌላዋ ፓፓያ ይዛ። እንግዳነቴን አስረሱኝ።

ከምሳ በኋላ እየፈራሁ የዜናውን ነገር አነሳሁ።

«ተስፋ ቆርጠዋል ሲል ከኋላው የምታልፈዋ ሴት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ። «ጎርፍ የጎረቤት ግድግዳ አፍርሶ ድንጋይ እያመላለስን ነበር። ጎርፉ እውነት ነው፣ አልዋሸም። ግን ምነው ዞር ብሎ ምን እየሠራችሁ ነው ቢለን?»

 ጠጋ አሉኝ። «እኔም ልጠይቅሽ። ከእናንተ አገር በቴሌቪዥን የምናየው ተራራ ሲናድ ነው። ልጄ እዚያ ልትገባ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ እኮ!»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ለካ እኛ እነሱን ስንመረምር እነሱም ስለ እኛ ሲጨነቁ ከርመዋል።

በማግስቱ ደሴ ስገባ አባቴ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«እንዴት ነው ሰፈሩ?»

«ጎርፍ ያስቸግራቸዋል፤ ቦዩም ጠራጊ የለውም። እናቷ ግን ለጎረቤት ግድግዳ ድንጋይ የሚሸከሙ ሰው ናቸው።»

 በልቤ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ባልሄድ ኖሮ እነዚህን ሰዎች በአንዲት አጭር ዜና ልናጣቸው ነበር። ችግራቸውን ያሳየን ሰው እነሱን ራሳቸውን አላሳየንም።

«ለአጎትሽ ደውይለት» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ወፍራም ልብስ እንዳይለብስ ንገሪው፤ ቆቦ ይሞቃል።»