ግንቡ ሲደርቅ

ሰው ሁሉ ወንድም አለው፤ እሷ ግን ግንብ ነበራት። ቦክሰኛ ታናሽ ወንድሟን ሰፈሩ በሙሉ «ግንቡ» ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሱት እሷና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ብቻ ናቸው።

ቅጽል ስሙ ዝም ብሎ አልወጣለትም። መጀመሪያ ሪንግ ላይ ያየችው ቀን፣ ትከሻው በር የሚያህል ሰውዬ በሙሉ ኃይሉ አገጩ ላይ ቡጢ ሲያሳርፍበት ዓይኗን ጨፍና ጮኸች። ስትገልጥ ወንድሟ እዚያው ቆሟል። ጭራሽ አፍንጫውን በጓንቱ ጠረግ አድርጎ «ሌላስ?» የሚል ይመስላል። የደነገጠውስ መቺው ነበር! እሷ መርፌ ሲያሳዩዋት ራሷን የምትስት ሴት ናትና፣ ከአንድ ማህፀን መውጣታቸውን የተጠራጠረችበት ጊዜ አለ። እቤት ሲገባ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወዲያና ወዲህ ታዞረዋለች።

«ምኑ ነው እንዲህ የሚችለው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ? አንቺው ነሽ ያሳደግሽው።»

እሷ የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ጎረቤቶቻቸው «ወንድምየው ይማታል፣ እህትየው ትተኩሳለች፤ ከዚህ ቤት ሰላም አይጠበቅም» እያሉ ይስቁባቸዋል።

አንድ ቀን አሰልጣኙ አዲስ ሐሳብ አመጣ። «ሰባ አምስት ኪሎ ላይ ከግዙፎች ጋር ከምትጋፋ ወደ ስልሳ ሰባት እንውረድ። የከባዶቹን ቡጢ የቻለ ሰው በቀላሎቹ ምን ይሆናል?» አለ። ነገሩ ለሁሉም ልክ መሰላቸው፤ ለእሷም ጭምር። አገጭ እንደ ሻንጣ ተይዞ የሚወረድ ነገር መስሏቸው ነበር። ወይ አለማወቅ!

ላብ ለማውጣት ከእሷ መተኮሻ ክፍል የተሻለ ቦታ አልነበረም። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፣ እንፋሎቱ ግድግዳውን ያስለቅሳል። ወንድሟ ሚዛን ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የላስቲክ ቱታ ደርቦ ይመጣና በሁለቱ መተኮሻ ማሽኖች መካከል ገመድ ይዘላል። እሷ አንሶላ እየተኮሰች «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ትለዋለች። ውሃ አይጠጣም፤ ከንፈሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ታብስለታለች። እጅጌውን ወደ ባልዲ ሲደፋ የሚወርደውን ላብ አይታ አፏን በእጇ ትይዛለች፤ ከዚያ ባልዲውን ተሸክማ ትደፋለች። ሰው ይህን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ ነው እንዴ የሚዞረው?

በአዲሱ ኪሎ የመጀመሪያው ግጥሚያ ደረሰ። ሚዛኑን አለፈ፣ ጠጣ፣ በላ፣ በማግስቱ ፊቱ ሞልቶ ሪንግ ላይ ወጣ። በሁለተኛው ዙር አንድ ቀጭን ልጅ ዝንብ የሚያባርር በሚመስል ቡጢ ጆሮ ግንዱን ነካው። ያን የመሰለ ግንብ ጉልበቱ ከድቶት ተቀመጠ። ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። ማታ እቤት ሦስት ጊዜ «እትዬ፣ ማን አሸነፈ?» ብሎ ጠየቃት፤ ሦስቴም እንደ አዲስ ነገረችው።

የመረመረችው ሐኪም እህትየውን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። «አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ፈሳሽ ከቦት ነው የሚኖረው። ቡጢ ሲያርፍ ያ ፈሳሽ ያለዝብለታል። ሰውነት እንዲህ ሲደርቅ አንጎልም ውሃ ያጣል። ምን ያህል እንደሚጎዳ አጥኚዎቹ ገና ይከራከራሉ፤ እኔ ግን የወለድኩት ልጅ ደርቆ እንዲመታ አልፈቅድም። ኪሎው ባንድ ቀን ይመለሳል። የጭንቅላቱን መመለስ በየትኛው ሚዛን ታዩታላችሁ?»

ከክሊኒኩ እንደወጣች መንገድ ዳር ተቀመጠች። ያ ሁሉ ጡንቻ፣ ያ ሁሉ ጉድ ያሰኘ አገጭ፣ ለካ ከበስተጀርባው ውሃ ኖሯል! ሌላው ግንብ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ የእሷ ግንብ ሲደርቅ ይናዳል። በባልዲ ተሸክማ የደፋችውም ራሷ ነበረች።

ከአምስት ወር በኋላ የሻምፒዮና ግጥሚያ መጣ፤ ያውም በዚያው በስልሳ ሰባት ኪሎ። መተኮሻ ክፍሏን ከለከለችው። እሱም በአሰልጣኙ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ ደረቀ። ሚዛን በሚወጣበት ጠዋት ሄደች፤ አትምጪ ቢላትም ሄደች። ጉንጩ ሰርጉዷል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሚዛን ያዡ አየና «ሁለት መቶ ግራም ይተርፋል። አንድ ሰዓት አላችሁ» አለ። ተጋጣሚው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ በዚያ ዓመት ሁለት ሰው ሆስፒታል ያስገባ ሰው ነው።

አሰልጣኙ ማስቲካ አጎረሰውና ባዶ ቆርቆሮ አስያዘው። የቦክሰኞች ዘዴ ናት፤ የመጨረሻዋ ግራም በምራቅ ትወጣለች።

«ትፋ! በርታ፣ ትፋ!»

አፉን ከፍቶ ቢጠብቅም ጠብ የሚል ጠፋ። እንደ ምንም አንድ ጉንጭ ሲያጠራቅም እህትየው ፊቱ ቆመች።

«ራስ ሳይጠና ጉተና!» አለች። «የሻምፒዮናውን ቀበቶ የምታስረው በየትኛው ጭንቅላትህ ነው? ዋጠው!»

አሰልጣኙ «እመቤቴ፣ ይሄ የወንዶች ሥራ ነው» ቢላት ዞራም አላየችው። «ዋጠው፣ የእናቴ ልጅ።»

በትልቅ ሰው ወግ፣ የበሰለ ሰው ምራቁን የዋጠ ይባላል። ወንድሟ ቆርቆሮውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ። ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋና ከሚዛን ያዡ ጠረጴዛ ላይ የውሃ ጠርሙሱን አነሳ።

«ከጠጣህ ግጥሚያው አለቀ እኮ» አለው ሚዛን ያዡ፣ ግራ ገብቶት።

ያ ሁሉ ሰው እያየው ጠርሙሱን እስከ ታች ጨለጠው። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ «ፈሪ» አለ። ወንድሟ እዚያው ቆመ። ስንት ቡጢ ችሎ አይታዋለች፤ እንደዚህች ስድብ የከበደ አላየችም። እንደዚያ ቀንም ወንድሟ ገዝፎባት አያውቅም።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ «አምስት ወር ሙሉ ለፍቼ ነበር፣ እትዬ» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንባው ጉንጩን አርሶ አገጩ ላይ ሲንጠለጠል በእጇ ጠረገችለት፤ ሌላ ወረደ፣ እሱንም ጠረገች። ለልቅሶ የሚበቃ ውሃ ተመልሶለታል። ተመስገን ብላ አብራው አለቀሰች።