ላጲስ ይዞ መግባት ክልክል ነው

ኦስላ በሸትላንድ ደሴቶች ሰሜን ጫፍ ባለችው መንደሯ የምትታወቀው በምላሷና በደብተሯ ነው። ምላሷን ያልቀመሰ የለም። ደብተሯን ግን ባሏም ቢሆን ገልጦ አያውቅም። ዶሮዎቿን ካስገባች በኋላ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከኪሷ ታወጣዋለች፤ «ነፋሱ ከምዕራብ። ዘጠኝ እንቁላል። ፖስታ አዳዩ ዘገየ፣ ጠጥቷል መሰለኝ።» ብላ ትጽፍና ትዘጋዋለች። ይኼንኑ ከልጅነቷ ጀምራ ስትጽፍ ሰማንያን ደፈነች። የምትጽፈው በእርሳስ ነው፤ እዚያ አገር ዝናቡ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ስለሚመጣ ቀለም አይበረክትም።

ሌላው ኑሮዋ ከጎረቤቶቿ አይለይም። ሹራብ ሠርታ ሸጣለች፣ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ እጇ እስኪደነዝዝ ቆማለች፣ ማመላለሻ ጀልባ ላይ የሚሠራ ጊቢ የሚባል ዝምተኛ ሰው አግብታለች። ልጅ አልወለዱም። ጊቢ ሲሞት በጎቻቸውን ሸጠችና ከዶሮዎቿ ጋር ቀረች።

ከዕለታት ባንዱ የከተማው ቤተ መዛግብት ሠራተኛ ሎውሪ ወደ መንደሩ አዳራሽ መጣና ሰዉን ሰበሰበ። ጺሙ ገና ያልጠነከረ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። «የትልልቆቹ ወረቀት ሞልቶናል» አለ። «የባለርስቱ ደብዳቤ አለን፣ የቄሱ ስብከት አለን፣ የመርከብ አዛዡ ማስታወሻ አለን። የእናንተ ግን የለንም።»

«የኔን ዶሮዎች ማን ሊያነብ?» አለች ኦስላ ከኋላ።

«እኔ አነባለሁ፣ እማማ።»

ሰዉ ሳቀ። ኦስላ ግን ልቧ ሞቅ አለ፤ የባለርስቱ ደብዳቤ አጠገብ የሷ እንቁላሎች! ደብተሮቿን በዓሣ ሳጥን ሞልታ በፖስታ መኪና አስጫነችና አብራ ወደ ለርዊክ ከተማ ወረደች። ሎውሪ የማስረከቢያውን ወረቀት አቅርቦ፣ «በሕይወት ያለ ሰው የሚከፋበት ነገር ካለ ያንን ዓመት ለአንባቢ እንዘጋዋለን» አላት።

«ምን የምደብቀው አለኝ? ነፋስና እንቁላል ነው» አለችና ፈረመች። ወይ ኦስላ! ሰው የፈረመበትን ቀርቶ የጻፈውን መቼ ያስታውሳል?

ወሬው መንደር ሲደርስ ከሁሉ በላይ የተደሰተችው አንድሪና ናት። አንድሪና ቦይ ተሻግራ ያለች ጎረቤቷ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ምሳ ይበላሉ፣ ገበያ አብረው ይወርዳሉ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ መጋረጃ ትገልጣለች።

«ሐሙስ ለጥርሴ ከተማ እወርዳለሁ» አለች አንድሪና። «ከዚያ ቤተ መዛግብቱ ጎራ ብዬ ስለኔ የጻፍሽውን አነባለሁ።»

«ስላንቺ ምንም አልጻፍኩም።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን አጥር ለአጥር ኖረን ምንም? እንግዲያው እሱንም ባይኔ አይቼ ልከፋ!»

ኦስላ አብራት ሳቀች። ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ግን ያ ክረምት ድንገት ትዝ አላትና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ጊቢ ሳንባውን ታሞ ከተማ ሆስፒታል የተኛበት ክረምት ነው። እሷ በአውቶቡስ ስትመላለስ ከቤቱ ጀርባ የተከመረው ማገዶ እያነሰ ሄደ። እዚያ ማገዶ ማለት በግንቦት ከረግረጉ እየተቆረጠ፣ በጋውን ደርቆ፣ እንደ ኩበት የሚከመር ጥቁር አፈር ነው። ክረምቱ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ስለዚህ ከሰው ክምር መውሰድ ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። ኦስላ አንድ ጠዋት የክምሩ ጎን ጎድሎ አየችና ተናድዳ ጻፈች፤ «የምትሰርቀኝ አንድሪና ናት። ሌባ። እግዜር ይይላት።» ማስረጃ አልነበራትም፤ ለማንም አልተናገረችም። ጊቢ ከሆስፒታል ሲወጣ ግን በየቀኑ በራቸውን እያንኳኳች ላማቸውን ያለበችላቸው፣ የበግ ሾርባ ያመላለሰችላቸው፣ ሌላ ማንም ሳትሆን አንድሪና ነበረች። ያኔ ኦስላ በሐፍረት ልትሞት ደረሰች። እንዲህ ያለችውን ሴት ሌባ ማለት! ከዚያ ወዲህ ለአንድሪና ምን ብትሰጥ፣ ምን ብታበላ አልበቃ አላት።

እና ይኼ ገጽ አሁን ሐሙስ ሊነበብ ነው። ኦስላ ሌላ ጓደኛ የላትም።

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወረደች። ሎውሪ እንደ አክስቱ ተቀበላት። ቦርሳዋን ቆልፎ አስቀመጠላት፣ እጇን አስታጠባት፣ ጫፉ ላይ ላጲስ የሌለው እርሳስ ሰጣት። ግድግዳው ላይ «ቀለም፣ ምግብ፣ ላጲስ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። የኦስላ ላጲስ አውልቃ በያዘችው ጓንት ውስጥ ነበር።

ደብተሯን ለስላሳ ትራስ ላይ እንደ ሕፃን አስተኝተው አመጡላት። ቶሎ አጥፍታ ልትወጣ ነበር ሐሳቧ፤ ግን ገጹን ስትፈልግ ሌላው ያዛት። «ጊቢ ዛሬ ዘፈነ።» ጊቢ? ዘፍኖ ያውቃል? ቀጥላ ገለጠች። «ጥቁሯ ዶሮ ወንጌላዊው ላይ ዘለለች።» ኸረ! እንዴት ይኼን ትረሳለች? ያቺ ጻፊዋ ሴትዮ ሌላ ሰው መሰለቻት፤ ከዚያስ ምን ሆነች እያለች ገጽ በገጽ ተከተለቻት። ሰዓቱ ሲታወሳት ደንግጣ ወደ ክረምቱ ዘለለች። አገኘችው። ከጻፈችው ሁሉ ተጭና የጻፈችው እሱን ነው። ላጲሱን ከጓንቷ አውጥታ ልታሳርፍ ስትል አንድ እጅ ቀስ ብሎ እጇ ላይ አረፈ።

«እማማ ኦስላ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«የገዛ ጽሑፌን ላጠፋ ነዋ!»

«የእርስዎ ነበረ። ሰጥተውናል እኮ።»

«ዶሮዎቹን ነው የሰጠሁህ! ይኼን አልሰጠሁህም!»

ሎውሪ ገጹን አነበበ፣ ፊቱ ቀላ። «ልንዘጋው እንችላለን» አለ። «መዝገቡ ላይ ያ ዓመት ዝግ ተብሎ ይጻፋል።»

«አዬ ልጄ! መንደሩ ሁሉ ‹ምን ቢኖርበት ነው› ብሎ ያብድልሃል። አንድሪና ደግሞ በሩን ሰብራ ትገባለች።»

«እንግዲያው ማረሚያ ይጻፉ። መደምሰስ ነው እንጂ የማይቻለው፣ መጨመር ይቻላል። ከገጹ ጋር አብሮ ይቀመጣል።»

ወረቀት ሰጣት። ኦስላ ምላሷን ነክሳ ጻፈች፤ «እዚህ ያልኩት ሐሰት ነው። አንድሪና ከክምሬ አንዲት ፍርፋሪ አልነካችም። ከሷ የተሻለ ሰው አላውቅም። እንዲህ በማሰቤ ዕድሜ ልኬን አፍሬአለሁ።»

ስሟን ሳትፈርም በሩ ተከፈተና አንድሪና ገባች፤ አንድ ጉንጯ ከጥርስ ሐኪሙ መርፌ የተነሳ ተንጠልጥሏል። «እዚህ ነሽ እንዴ! ቀድመሽኝ? የት አለሁ እኔ?» አለችና አጠገቧ ተቀመጠች። ኦስላ ደብተሩን በክንዷ ልትሸፍን ሞከረች፤ ወዲያው ይኼም ሌላ ውርደት መስሎ ታያትና ክንዷን አነሳች።

አንድሪና ገጹን አነበበች። ቀጥሎ ማረሚያውን አነበበች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ሁለቱንም ደገመቻቸው። ኦስላ ጓደኛዋ ያለቀሰች መሰላትና፣ «አንድሪና፣ ያኔ የጊቢ ነገር አእምሮዬን…» ብላ ጀመረች።

«ይኼ ወረቀት ውሸት ነው» አለች አንድሪና፣ ማረሚያውን በጣቷ እየነካች።

«ምን?»

«ደብተሩ ነው እውነቱ። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ሎውሪ መቆሙን ሁለቱም ረሱት።

«የዚያን ዓመት ሰውዬዬ የነዳጅ ማራገፊያ ወደቡ ግንባታ ላይ ነበረ፤ ማገዶ ሳይቆርጥልኝ ግንቦት አለፈ። እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ጥርሷ ከብርድ ይንገጫገጫል። በቅርጫት በቅርጫት እያልኩ ወሰድኩ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ባልሽ ሆስፒታል ተኝቶ ማገዶ ስጪኝ ልበልሽ?»

«አዎ! በይኝ!»

«አልቻልኩማ። በኋላ ጊቢ ሲመለስ ዐይንሽን ማየት አቃተኝ፤ ላማችሁን ማለብ ጀመርኩ።»

 ያ ወተት፣ ያ ሾርባ! ኦስላ ያንን ደግነት ለመመለስ ስትባዝን ኖራለች፤ ለካ ያቺም የምትባዝነው የሰረቀችውን ለመመለስ ነው። «እኛ እንግዲህ ጓደኛ የሆንነው ተፋፍረን ነው?» አለች በቀጭን ድምፅ። አለኝ የምትለው ነገር ሁሉ ከእጇ ሊወጣ መሰላት።

«የኔ መጀመሪያ ዕዳ ነበረ» አለች አንድሪና። «በኋላ ለመደብኝ። ቅዳሜ ሳትመጪ ስትቀሪ ምሳ አይዋጥልኝም። ይኼም ዕዳ ከሆነ አንቺው ንገሪኝ።»

ኦስላ ማረሚያውን አነሳችና ወደ ሎውሪ ዞረች። «ይኼን አላስረከብኩህም አይደል?»

«አላስረከቡኝም።»

ቀዳዳ ጣለችው። እንዲህ ስታደርግ ነው ንዴቱ የመጣባት፤ ከስንት ዘመን እንቅልፉ የነቃ ንዴት። «ጊቢ ከሆስፒታል ወጥቶ ካፖርቱን ለብሶ ነበር እሳት ዳር የሚቀመጠው! በቀን አምስት ቁራሽ እየቆጠርኩ ነበር የማነደው! እሱ ሲያስል እኔ ‹አንድሪናን ጠረጠርኩ፣ ለዚህ ነው እግዜር የቀጣኝ› እላለሁ! ሌባ! ቅርጫት ሙሉ ሌባ! ደግሞ ሾርባውን በኔ ማገዶ ነዋ የምትቀቅይው!»

«በሱው ነው» አለች አንድሪና፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ።

«እማማ፣ የንባብ ክፍል ነው እኮ…» አለ ሎውሪ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ።

ኦስላ ቀጠለች። ላሟን ጠራች፣ ካፖርቱን ጠራች፣ የአንድሪናን ባል ስንፍና ጠራች፤ በሌላ ጠረጴዛ የዘር ሐረጉን ሲፈልግ የነበረ እንግዳ እርሳሱን አስቀምጦ አፉን ከፍቶ ሰማ። አንድሪና ስትሰደብ ትከሻዋ እየቀለለ ይሄድ ነበር። ኦስላ ትንፋሽ አጥሯት ስታቆም አንድሪና ካፖርቷን አቀበለቻት።

«ጨረስሽ?»

«የት ጨረስኩ! አውቶቡስ ላይ እቀጥላለሁ።»

«እንግዲያው አጠገቤ ተቀመጪ፤ በዚህኛው ጆሮዬ ነው ደህና የምሰማው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው፣ ይበቃሻል?»

«አይበቃኝም» አለች ኦስላ፣ ክንዷን እየያዘቻት።