በፕላስተር የተሠራች መርከብ

የላሚኔሽን ማሽን ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ፕላስቲክ ሊቃጠል ብሎ ሲተወው ዓይነት፣ ጉሮሮ ላይ መጥቶ ቁጭ የሚል። ፍራንክፈርት፣ ሪድበርግ ሰፈር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ከትምህርት በኋላ ልጆች እጠብቃለሁ፤ ባለፈው ሐሙስ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ እጄ ላይ ያሉትን ካርዶች ገልብጬ ሳላነብ ስለ ምን እንደሆኑ ዐወቅኩ። አዲሱ መምህር ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ደግ ልጅ ነው፤ ለአሜሪካ ታሪክ ሳምንት የሚሆነውን ሁሉ ከኢንተርኔት እያወረደ ሲያትም ሰንብቷል። የሻይ ግብሩን በከረሜላ፣ የባቡር ሐዲዱን በክብሪት እንጨት ሊያስተምር ነው። እኔ እንድቆርጥለት የሰጠኝ ግን ጥያቄ ያለባቸውን ካርዶች ነበር። ከየት መጣህ? ለምን መጣህ? ከማን ጋር መጣህ? ምን ይዘህ መጣህ? «ልጆቹ ይሄን በጣም ይወዱታል» አለኝ እየሳቀ። መቀሴን አነሳሁ። እየሳቀ የሚጠይቅ ሰው አልወድም፤ ኮስተር ብሎ የሚጠይቀውን ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ታውቁታላችሁ።

እኔም አራተኛ ክፍል ሳለሁ በዚሁ ፍራንክፈርት አሜሪካ ሄጄ ነበር። ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ተመለስኩ።

ያኔ የምንኖረው ከተማው ጫፍ ላይ ባለ የስደተኞች መኖሪያ፣ ሃይም በምንለው ውስጥ ነበር፤ ወጥ ቤቱ የጋራ፣ መታጠቢያው የጋራ፣ ወሬውም የጋራ። እማዬ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ መሃል ከተማው፣ ኢነንሽታት፣ ሱቆች ታጸዳለች፤ እኔ ከእንቅልፌ የምነሳው በእሷ የእጅ ክሬም ሽታ ነበር፣ ትራሴ ላይ ትታው የምትሄደው። የጥገኝነት ጉዳያችን ገና አልተወሰነም። መሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን ወይ «ኑሩ» ወይ «ውጡ» ይለናል፤ እስከዚያ ድረስ ግድግዳ ላይ ምስማር እንኳ አንመታም ነበር፣ ቀዳዳ ትተን እንዳንሄድ ይመስል። እማዬ ፖስታ ቤቱን፣ የትኬት ተቆጣጣሪውን፣ ከታች ያለችውን ውሻዋን የምታንሸራሽር አሮጊት ሳይቀር ትጠረጥራለች። ውሻዋንም ጭምር። እኔም ከእሷ ተማርኩ፤ ሌሎች ልጆች ከእናታቸው ዘፈን ይወርሳሉ፣ እኔ ሰው ሲያወራ እጁን ማየት ወረስኩ።

የእማዬ አማካሪ ጋሽ ታደለ ነበሩ፤ የጉባኤያችን ሽማግሌ፣ ከሁላችን ቀድመው ፍራንክፈርት የገቡ፣ ኤርፖርት ጭነት የሚሠሩ፣ የማንኛውንም ሰው ቴርሚን፣ የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ፣ ከረባታቸውን አስረው የሚያጅቡ። አንድ ሰው ለአንሄሩንግ፣ መሥሪያ ቤቱ «ለምን መጣህ» ብሎ ለሚጠይቅበት ለዚያ ቀን ከመቅረቡ በፊት፣ እሳቸው ፊት ይቀርባል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ጀርመኖቹ ባከራዩን አዳራሽ ወንበር መልሰን ስንደረድር፣ እሳቸው ጥጉ ላይ ሰውዬውን አስቀምጠው ታሪኩን ያስጠኑታል። ውሸት አያስተምሩም፤ ይሄን ልመስክርላቸው። እውነቱን ግን እንደ ልብስ ሰፊ ይቆርጡታል፣ እዚህ ጋ ያሳጥሩታል፣ እዚያ ጋ ያጠብቁታል። «ጀርመን ለጨዋታ ብሎ አይጠይቅም» ይሉ ነበር፣ ጣታቸውን አንስተው። «የጠየቀውንም አይረሳም። አንዴ ያልከውን፣ ሁልጊዜ እሱኑ በል!» እማዬም ፀጉሬን ስትሠራኝ እሱኑ ታስብለኛለች። በምን መጣችሁ? በመኪና። ምን ዓይነት መኪና? ነጭ። ሹፌሩ ማን ነው? አላውቀውም። ከተሳሳትኩ ሹሩባዬ ጠበቅ ይላል።

መምህሬ ፍራው ሊንደ ግን ስለዚህ ሁሉ ምን ታውቃለች? ወፍራም፣ ላብ ላብ የምትል፣ ሹራቧ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ ያለባት ሴት ነበረች። የአሜሪካን ካርታ ከጣሪያው ሥር እንደ መጋረጃ ስታወርደው የሸራና የአቧራ ሽታ ይወጣል፤ ወንዞቹ ላይ ጣቷን እያስኬደች ስትናገር፣ እውነቴን ነው፣ እግሬ የሚረጥብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከነቅርፊቱ ያለ ጥጥ አምጥታ በእጃችን አስያዘችን። ቅርፊቱ ይዋጋል። ፍሬውን እንድናወጣ አደረገችን፣ ጣታችን ሲቆጠቁጠን «አሁን ይሄን ስትሠሩ መዋል ብቻ ሳይሆን፣ ዕድሜያችሁን ሁሉ፣ ያለ ፈቃዳችሁ» አለች። እወዳት ነበር። ስለምወዳትም እጠረጥራታለሁ፤ ይሄን ያህል የምታውቅ ሴት ለምን ጎንበስ ብላ እኛን ታያለች እያልኩ።

ከጥጡ በኋላ ነው መርከቡ የመጣው። ሁላችንም ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የምንሰደድ ሰዎች እንሆናለን፤ ከቤት አንድ ዕቃ እናመጣለን፣ ቤተሰባችን በእውነት ከሩቅ ይዞት የመጣውን፤ ወላጆቻችንንም ለምን እንደመጡ፣ በየት በኩል እንደመጡ፣ እሷ ከላሚኔሽን ማሽኑ ገና ትኩሱን ባደለችን ካርድ እንጠይቃለን። እየዘለልኩ ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላው ቆመ።

«በየት በኩል አለች?»

«አዎ። ምን ይዛችሁ መጣችሁም ትላለች።»

«ስለ ማን ነው ይሄ ትምህርት?»

«ስለ አሜሪካ።»

«አሜሪካ መች ሄድን እኛ?» አለች እማዬ። ጋዙን አጥፍታ ጋሽ ታደለ ጋ ደወለች።

ጋሽ ታደለ ብዙ አላቅማሙም። በእሳቸው አስተያየት ነገሩ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ሰው ጠንክሮ አልናገር ሲል መንግሥት በልጅ በኩል ይገባል። ሌሎቹ ልጆች ለምን ይጠየቃሉ ስትላቸው፣ «እሱማ እንዳይታወቅ ነው!» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ጉዳያችን የጸሎት ርዕስ ሆኖ ቀረበ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዳንዱም እያለቀሰ፣ በአራተኛ ክፍል የአሜሪካ ታሪክ ትምህርት ላይ ጸለየ። ከኋላዬ ያለችው ሴት «የመርማሪን መንፈስ እንገሥጻለን!» ስትል ወንበሬ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ዓይኔን ገልጬ ጣሪያውን አያለሁ። እግዚአብሔር ፍራው ሊንደን አንድ ነገር ቢያደርጋትስ?

ትምህርት ቤት አትሂጂ ማለት አይቻልም፤ መቅረትም ይመዘገባል። ባዶ እጄን መሄድም አይሆንም፤ የሚደብቁት አላቸው ያሰኛል። ስለዚህ እማዬ ምንም የማይናገር ዕቃ ፈለገች። ከሀገር የመጣው ነጠላ ይናገራል፤ መስቀሉ ይናገራል፤ የአባቴ ፎቶማ ይጮኻል። በመጨረሻ ሳይል ከሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ አዲስ አረንጓዴ ፎጣ ገዝታ መጣች፣ ምልክቱን በመቀስ ቆርጣ ጣለችና አራት ማዕዘን አጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። «ከሀገራችን ያመጣነው ይሄን ነው በያት» አለችኝ። ሱቅ ሱቅ ይሸታል።

ፍራው ሊንደ ወንበሮቹን ገፍታ መርከቧን በቢጫ ፕላስተር ወለሉ ላይ ሠርታ ጠበቀችን። እስከ ዛሬ ያየኋት መርከብ ሁሉ እሷን አታክልም። ሁላችንም ጠባቡ መስመር ውስጥ ተጠጋግተን ቆምን፤ አንዱ የአንዱን እግር እየረገጠ፣ የሰው ትንፋሽ፣ የካልሲ ሽታ፣ የቁርስ ሳላሚ። እሷ ከውጭ ሆና በካርቶን ማዕበል ትመታለች፣ እኛ ወዲህ ወዲያ እንላለን። ኤሊፍ የምትባለው የቱርኮቹ ልጅ የአያቷን መቁጠሪያ ይዛለች፤ ሌላው የቅድመ አያቱን የተሰበረ ሰዓት። እኔ ፎጣዬን። «አሜሪካ በዋና ልትሄድ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ፣ መርከቧ ሙሉ በሳቅ አዘነበለች። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለአንዲት ጠዋት የእውነት ስደተኛ መሆኔ ቀርቶ የጨዋታ ስደተኛ ሆኜ ነበር፣ እንደ ሌላው ሰው።

ከዚያ አሜሪካ ደረስን። ፍራው ሊንደ የመኮንን ቆብ አድርጋ ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠች፤ ወደብ ላይ ስደተኛውን የሚመረምረው ሰው እሷ ናት። በዚያ ዘመን የታመመ የመሰላቸውን ሰው ኮቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበት እንደነበር ነግራናለች፤ ጠመኔውም እጇ ላይ ነው። ተራ በተራ እየወረድን እንቀርባለን። ተራዬ ሲደርስ እጇን አየሁ። በአንዱ ጠመኔ፣ በሌላው እስክሪብቶ። ከፊቷ ወረቀት።

«ከየት መጣሽ? ማን አመጣሽ?» አለች፣ ድምፅዋን አወፍራ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ፎጣውን ደረቴ ላይ አጠበቅኩት። ከዚያ በጥሩ ጀርመንኛ፣ አንድ ቃል ሳልስት፣ «ይህን ጥያቄ ጠበቃችን ይመልስልዎታል» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፍራው ሊንደ አልሳቀችም። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ሲቀላ አየሁት፤ ቆቡን አወለቀች፣ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ ወረቀቱን ገልብጣ ባዶ መሆኑን አሳየችኝ። ባዶ ወረቀት ግን ለእኔ ማስረጃ አልነበረም። ገና አልተጻፈበትም ማለት ነው።

እማዬ ተጠራች። ለመሥሪያ ቤትና ለሠርግ የምትለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ ሰነዶቻችንን ሁሉ በፕላስቲክ አቃፊ ይዛ፣ ጋሽ ታደለን አስከትላ መጣች። ፍራው ሊንደ ብዙ ተናገረች፣ እጇንም እማዬ እጅ ላይ አደረገች። ጋሽ ታደለ አዳመጡና፣ «ይቅርታ እየጠየቀችሽ ነው፣ ምንም አላሰብኩም ነበር ትላለች» አሉ።

«ምን አድርጋ ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ?» አለች እማዬ፣ ፈገግታዋን ሳታወርድ። «ለመሥሪያ ቤቱ አስተላልፋለች ማለት ነው እኮ ጋሽዬ! ልጄ ሕፃን ናት፣ ምንም አታውቅም ይበሉልኝ።»

ጋሽ ታደለም ይህንኑ፣ ከረባታቸውን አስተካክለው፣ በትልቅ አክብሮት ተረጎሙት።

በማግስቱ ፕላስተሩ ከወለሉ ተልጦ ነበር። የቀረውን ሳምንት ስለ ሻይና ስለ ግብር ተማርን፤ ጥሩ ትምህርት ነበር፣ ማንም ማንንም አልጠየቀም። የሚቀጥለው ክፍል በዚያች መርከብ ሳይሳፈር ቀረ። እኔን ልጆቹ እስክወጣ ድረስ «ጠበቃዋ» ሲሉኝ ኖሩ፤ ፍራው ሊንደም ከዚያ ወዲያ ስታናግረኝ ስለ አየር ሁኔታና ስለ ቁርስ ብቻ ሆነ። ጎንበስ ማለቷን ተወች። ከጊዜ በኋላ መሥሪያ ቤቱ «ኑሩ» አለን። እማዬ ምሥጋናውን አዳራሽ ፊት ቆማ ስታቀርብ፣ ምንም ስላልተናገርን ነው አለች። አሜን ተባለ።

ባለፈው እሑድ፣ ካርዶቹን ቆርጬ ከሰጠሁ በኋላ፣ እማዬ ጋ ቦርንሃይም ሄድኩ። አሁን የጀርመን ፓስፖርት አላት፣ ግድግዳዋ በምስማር ሞልቷል። ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ በቀጥታ፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም፣ «እማዬ፣ የመጣንበትን መንገድ ንገሪኝ፤ የመሥሪያ ቤቱን ሳይሆን የራሳችንን» አልኳት።

«ምን የተለየ አለው?» አለችና ጀመረች። በነጭ መኪና ሄድን አለች። ሹፌሩን አላውቀውም አለች። ስለ ገዛ ሕይወቱ የሚያወራ ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሹፌሩን አላውቀውም ይላል? ቃላቱ በዚያው ተራቸው መጡ፣ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ሳይቀር ያው ነው። አቋረጥኳት። በረሃው ላይ አንቺ ታመሽ ተኝተሽ ሳለ እኔን በጀርባዋ የተሸከመችኝ ማን ናት አልኳት። አንገቷን አስታውሳለሁ፤ የአንቺ አይደለም፣ ቀጭን ነው፣ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ የአንገት ክሯን ስጠባው አትቆጣኝም ነበር።

እማዬ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። በሩንም አየችው።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «እሷ ባትኖር አንቺ የለሽም። ጋሽ ታደለ ሰው በጨመርሽ ቁጥር ጥያቄ ይጨምርብሻል ሲሉኝ፣ ከታሪኩ አወጣኋት።»

«ስሟስ?»

አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ «እንዳልጠራው ስንት ሌሊት ተለማመድኩት መሰለሽ» አለች። «ተለማምጄ ተለማምጄ፣ ይኸው ጠፋኝ።»

ዓይኗን አየሁ። ጠፍቷት ነው? ወይስ አሁንም፣ ከእኔም፣ እየደበቀችኝ ነው? እናቴን ማመን ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደሚታመን ግን ማንም አላስጠናኝም።

ስለዚህ ያለንን ስቆጥረው ትንሽ አይደለም፤ ፓስፖርቱ አለ፣ ቤቱ አለ፣ ሥራው አለ። የሌለችው ያች ልጅ ናት። ደርሳ ይሁን በረሃ ቀርታ አላውቅም። ደርሳ ከሆነ፣ ይሄኔ እዚሁ ከተማ ትኖር ይሆናል፤ ነገ ጠዋት በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ኡ-ባን ውስጥ፣ አጠገቤ ብትቀመጥና ደጋግማ ብታየኝ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ቦርሳዬን ወደ ራሴ ሳብ አደርጋለሁ።