ሠሪው የማይናገረው ቃል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የአባቴን ኮት ለብሼ ነበር፤ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። ጊዜው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሶዶ ላይ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ክሊኒክ ሊያሠራ ተነሥቶ አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር። አማርኛ የቤቴ ቋንቋ ነው፤ ወላይትኛውን ከጎረቤት ልጆች ለምጄዋለሁ፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተምሬ ተመልሻለሁ። ያኔ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የአናጢዎቹ አለቃ አንጁሎ ይባላሉ። ሁላችንም አዋ አንጁሎ እንላቸው ነበር፤ በወላይትኛ አዋ አባት ነው። ስምንት ሰዎች ይዘው ከገሱባ በኩል መጥተዋል። የጥዱን ግንድ ይጠርቡና መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልበው ያከስሉታል። ምስጥ ከሰል አይበላም።

የመጀመሪያው ምሰሶ የቆመ ቀን ሐኪሙ በመዳፉ መታ መታ አደረገውና፣ “ላስቲንግ ነው ወይ ብለህ ጠይቃቸው” አለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ዘላቂ፣ ብዙ ዘመን የሚኖር ማለት ነው።

“አዋ፣ ብዙ ዘመን ይቆያል ወይ?” አልኳቸው።

“እኔ አላውቅም” አሉና መጥረቢያቸውን አነሡ።

እኔም ቶሎ ብዬ፣ “አላውቅም ይላሉ” አልኩ። በፍጥነቴ ኮርቼ ነበር።

የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። “በሽተኛ የማስተኛበት ቤት ነው። ሠሪው ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ከነገ ወዲያ ሰዎቻቸውን ይዘው ይሂዱ” አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዘጠኝ ሰው በእኔ ምላስ ከሥራው ሊፈናቀል ሆነ። አዋ አንጁሎን ተከትዬ፣ “ምነው አዋ፣ ይቆያል ቢሉ ምን ነበረበት?” አልኳቸው።

“አንተ ልጅ፣ ቤት የሠራ ሰው ስለ ሠራው ቤት እንዲህ አይልም። አባቴም አላለም። ይህን የሚናገር የኖረበት ነው። እኔ ካልኩት ጉራ ነው።”

“ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩኝም?”

“አልጠየቅኸኝማ።”

አፈርኩ። ወደ ሐኪሙ ተመልሼ፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው። ያሉትን አመጣሁልዎት እንጂ ለምን እንዳሉት አልጠየቅሁም። ከማሰናበትዎ በፊት አንድ ቤት ላሳይዎት” አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ “ከኮትህ ድፍረትህ ይሰፋል” አለ። ግን እሺ አለኝ።

በማግስቱ በበቅሎ ተበላ ወደሚባለው አገር በሚወስደው መንገድ ወረድን። ቤቱን የጠቆመኝ ከአናጢዎቹ አንዱ ነው፤ አዋ አንጁሎ በጎልማሳነታቸው የሠሩት ነበር። የቤቱን ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ።

“ሙሽራ ሆኜ የገባሁት እዚህ ነው። ሰባት ልጅ ወለድኩበት። ባሌን የሸኘሁት ከዚሁ ነው። የጣሪያውን ሣር ስንቴ አስለወጥኩ፤ ምሰሶውን ግን ማንም አልነካውም። ለመሆኑ አንጁሎ ደኅና ነው?”

አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ሐኪሙ ምሰሶውን እስከ መሬት ድረስ ዳሰሰና፣ “ላስቲንግ” አለ። አሁን መጠየቁ አልነበረም።

ሶዶ ስንመለስ የአዋ አንጁሎን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ “ግዴለም፤ ምስጥ ሳይቀድመን እንሥራ” አሉ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ወቅሰውኝ አያውቁም። ሐኪሙም አላባረረኝም። ሁለቱንም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ እንጀራዬን ያተረፉልኝ እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ አስተረጎምኩ። ሰው “አላውቅም” ሲለኝ፣ ከመተርጎሜ በፊት ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከሥራዬ የተማርኩት ይኸው ነው።

ባለፈው ክረምት ታምሜ እዚያው ክሊኒክ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። አዋ አንጁሎ ካረፉ ቆይተዋል፤ ያ ምሰሶ ግን ከአልጋዬ ፊት ለፊት ቆሟል። እንግዲህ እኔም ኖሬበታለሁና መናገር ይፈቀድልኛል፦ ቤቱ ዘላቂ ነው።