የስለት ጊታር

ግራ እጄ ሞታ ተመልሳለች። ይህን ስጽፍ ደብተሩ እንዳይሸሽ ይዛ የምታስቀምጥልኝ እሷ ናት። ሰው ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ይለኛል፣ እኔም «ይመስገን» እላለሁ። እጄን ለምን እንደፈለግኳት ግን የሚጠይቀኝ የለም።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ቡና መጋዘን ውስጥ ኬሻ ላይ የሚጻፈውን እያየሁና አላፊ አግዳሚውን እየጠየቅሁ ነው። ስለዚህ የተጣመመ ቢኖር አቃኑልኝ።

ጊታሩን ያገኘሁት ልጄን አዝዬ የሰው ልብስ ሳጥብ ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ልብሱን የማጥብለት አንድ ወጣት መምህር ነበር። ሲዛወር አልጋውን ለዘበኛው፣ ጊታሩን ለእኔ ተወልን። «ለልጅሽ መጫወቻ ይሆናል» አለኝ። የጊታር አያያዝ ከየት ይምጣልኝ? እኔ የማውቀው የእናቴን ክራር ነው። ስድስቱን ክር በክራር ቅኝት ቃኘሁትና ብቻዬን ጀመርኩ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ የሆቴል ጊታር ተጫዋች ሲያየኝ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እማማ፣ ይሄማ ጊታር አይደለም፣ ሆድ ያለው ክራር ነው!»

«ደግ ነው፤ ሆድ ያለው ይችላል» አልኩት።

ቡና ሲቀላ ከቤት እወጣለሁ። አጋሮ፣ ገራ፣ ሊሙ፣ መኪና ባገኝ በመኪና፣ ባላገኝ በእግሬ። በየመጋዘኑ ሴቶች መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ይለቅማሉ። እኔ ጥግ ይዤ እመታላቸዋለሁ። ባለመጋዘኖቹ የሚያስገቡኝ ወደውኝ አይደለም። ጨዋታ ካለ የሴቶቹ እጅ እንደማይዝል ስለሚያውቁ ነው።

«ሃርሜ፣ ቀስ አርጊው እንጂ፣ እጄ አልደርስብሽ አለኮ!» ትላለች አንዷ፤ እናቴ ማለቷ ነው።

«ውሸቷን ነው፤ አፏ ነው እጇን የቀደመው» ትላለች ጎኗ ያለችው። ሳቅ ይሆናል።

አዛን ሲሰማ መዳፌን ክሩ ላይ አሳርፋለሁ። ሰግደው ሲመለሱ «በይ እንግዲህ ቀጥዪ» ይሉኛል። ሰርግ ላይ ተጫውቻለሁ፣ ሆቴልም ሞክሬያለሁ። እንደዚያ መጋዘን አቧራ ግን የትም አልተደመጥኩም።

ልጄ ያደገችው በዚህ ነው። ዩኒፎርሟም ደብተሯም ከዚያ አቧራ ነው የወጣው። እሷ ግን ትምህርት ቤት «የአዝማሪዋ ልጅ» ተብላለች፣ ያንን አልረሳችውም። አድጋ መሥሪያ ቤት ስትገባ፣ አግብታ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቤት ይዛ እኔንም ስታስጠጋኝ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጊታሩ በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። አየሁ።

አጋሮ መጋዘን ውስጥ ስጫወት ነው በሽታው የመታኝ። ግራ እጄ ከጊታሩ አንገት ላይ ወረደች። «ውጪ» ብላት አልሰማ አለች። ጨዋታው ሲቋረጥባቸው ሴቶቹ ቀና አሉ፤ አፌ ተጣሟል። «ያ ረቢ!» ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የሆስፒታል ጣሪያ ነው። ደም ግፊት ነው አሉ፣ ግራ ጎኔን በሙሉ ይዞታል።

ሐኪሙ ለስላሳ ሰው ነበር። «እማማ፣ ለጣትዎ የሚወደውን ሥራ ይስጡት» አለኝ።

«የሚወደውማ ጊታር ነው።»

«እሱ ገና ነው። ከጥቃቅን ነገር ይጀምሩ።»

ልጄ ጥሬ ቡና በሰፌድ አመጣችልኝ። አንዷን ፍሬ አንስቼ ብርጭቆ ውስጥ እስክጥል ረፋዱ ያልፋል፤ ከጣቴ አምልጣ ስትንከባለል እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ። ለስንት ሴት የመታሁለትን ሥራ ያለ ጨዋታ ሠራሁት። ይህን ሁሉ ስለምን ቻልሽው ቢሉኝ፣ ለጊታሩ ነው። በእግሬ ብሄድ ባልሄድ ግድ አልነበረኝም።

«አምጪልኝ፣ ባልመታው እንኳ አንገቱን ልያዘው» እላታለሁ።

«ስትድኚ፣ እማዬ።»

እኔም ለመዳን ቸኮልኩ። ክረምቱ አለፈ። ቡናው እንደገና ሲቀላ ጥቁሩን ከደህናው በግራ እጄ ለየሁ፣ የሹራቤን ቁልፍም ቆለፍኩ። ያን ዕለት ልጄ ከሥራ እንደገባች ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፌ ዘርግቼ አሳየኋት።

«በይ አሁን አምጪው።»

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ተስዬበታለሁ።»

«በምኑ?»

«በጊታሩ። ያን ዕለት ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ፣ እናቴን አንሣልኝ፣ ጊታሯን አስገባለሁ፣ ሁለተኛም አትነካም ብዬ ለመልአኩ ተሳልኩ። ቆመሽ መራመድ ስትጀምሪ፣ በንግሡ ዕለት አስገባሁት።»

ስለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ያስገባሽውን አትመልሺም። ሰፌዱ ላይ ስሰቃይ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ባዶ ነጠላ ነበር ማለት ነው።

«ስለት ከራስ ነው ልጄ» አልኳት።

«ከቤታችን ውዱ ነገር እሱ ነበራ!»

ጆሮዋ ላይ የጋብቻዋ ወርቅ አለ። አየሁት። ማየቴን አይታ በእጇ ሸፈነችው።

«ባትድኚስ ኖሮ?» አለች፣ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ምን ልሁን? አሁንም እንዳትነኪው፤ ብትነኪው ይመለስብሻል።»

ልጄ ትወደኛለች፤ ያን የማያይ ዓይን የለኝም። ታፍርብኛለችም። ያን ዕለት የተንበረከከችው የትኛዋ ልጄ እንደሆነች እኔ አላውቅም፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። አቅፌ አባበልኳት። ለእኔ ማልቀስ ሲገባኝ እሷን አባበልኩ።

በማግስቱ ከዘራዬን ይዤ ደብሩ ሄድኩ። የስለት ዕቃ የሚረከቡትን ሽማግሌ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ምንጣፍ ቢሆን እናነጥፈው፣ ጃንጥላ ቢሆን እንይዘው» አሉኝ። «ጊታር ምን እናድርገው? ከበጎቹ ጋር ለጨረታ ወጣ።»

አጫራቹ ከፍ አድርጎ ይዞ «ሣር አይበላ፣ ውሃ አይጠጣ፣ እረኛ አይፈልግ!» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ አሉ። ለበረከት ብሎ የገዛው አጋሮ ሆቴል ያለው ሰው ነው።

ለልጄ ሳልነግራት አጋሮ ወረድኩ።

ጊታሩ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተሰቅሏል። ሆዱ ቀዳዳ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውበታል። ከስድስቱ ክር ሁለት ቀርተዋል።

«ምን ልታዘዝ፣ እማማ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«እሱን አውርጂልኝ።»

«ኧረ እሱ ጌጥ ነው!»

ባለቤቱ መጣ። የመጋዘኖቹ ሴቶች ወሬ ደርሶት ኖሮ ማን እንደሆንኩ ሳልነግረው አወቀ። ወንበር ሳበልኝ።

«እማማ አይቀየሙኝ። እሱ ከገባ ወዲህ ቤቴ ሰው ጎድሎበት አያውቅም። የስለት በረከት ከእጅ አይወጣም።»

«ስጠኝ ብዬ አልመጣሁም» አልኩት። ዋሸሁ። «ትንሽ ልያዘው።»

አወረደልኝ። ጭኔ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ያው ነው። አንገቱ ላይ አውራ ጣቴ ስንት ዘመን የላገው ቦታ አለ፤ ግራ እጄ ሳልመራት ሄዳ እዚያ ተቀመጠች። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች። የበሽታው ይሁን የልጄ ቃል፣ መለየት አቃተኝ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«ለቅሶ ቤት ነኝ።»

«ማን ሞተ? ሳትነግሪኝ?»

«አታውቂያትም። በየመጋዘኑ የምትዞር አንዲት ሴት ነበረች።»

«ነፍስ ይማር። በይ አልቅሺላትና ዝናብ ሳይመጣ ተመለሽ።»

«እሺ፣ እናቴ።»

አስተናጋጇ አበባውን ከቀዳዳው ነቀለችልኝ። ሁለቱን ክር መቃኘት ጀመርኩ። አንደኛዋ ገና ሳከራት ተበጠሰች። በቀረችው መታሁ፣ ሴቶቹ እጃቸው ሲዝል የምመታላቸውን። ሁለት ሰዎች ከብርጭቋቸው ቀና ብለው አዩኝና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። ባለቤቱ ግን እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከዚያ በሁለት እጁ ተቀብሎ መልሶ ሰቀለው።

ጊታሩን ነክቼውም እጄ አልሞተችም። ማታ ልጄ «ደክሞሻል፣ ያቺን እጅ ልሽልሽ» ብላ ስታሽልኝም፣ እንዳልሞተች አልነገርኳትም።