ጀላልዲን፣ የሄሮንስ በረዶ ሠሪ

ጀላልዲን በረዶ ይሠራል። ሰው ሲጠይቀው «ማቀዝቀዣ ላይ ነኝ» ብሎ ያልፋል፤ ለማስረዳት ትዕግሥት የለውም። የደሴ ልጅ ነው። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ መጀመሪያ የያዘው ሥራ የሥጋ ማቆያ ክፍል መጠገን ነበር። ከአገር ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደመጣ አንድ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ለኮምፕሬሰር ክፍሉ ሰው ፈልጎ ቀጠረው። ማሽኑ ያው ነው፤ እዚህ የሚቀዘቅዘው ወለሉ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ሜዳው የሄሮንስ ነበር። ሄሮንስ በውሃ ወፍ ስም የተሰየመ ከፊል ፕሮፌሽናል የሆኪ ክለብ ነው። ተጫዋቾቹ በየጨዋታው የቤንዚን ያህል ያገኛሉ፤ በሥራ ቀን አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ ሄርንደን በኩል ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው። ያቋቋሙት ግሌንና ዋረን የሚባሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው በረዶ ላይ ሲወድቁ ሲነሱ ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። አንድ ጊዜ ዋንጫ በልተዋል፤ ሁለት ጊዜ ሊበተኑ ደርሰው ተርፈዋል። የሲልቨር ስፕሪንጉ ሜዳ ተሸጦ የዕቃ መጋዘን ሲሆን ክለቡ ከወንዙ ማዶ ወደ አሌክሳንድሪያ ዞረ። ጀላልዲንም ተከትሎ ዞረ። ቤቱን ስላልቀየረ በየቀኑ ቤልትዌይ በሚሉት የተጨናነቀ አውራ ጎዳና ላይ እየተራገመ ይመላለሳል።

የተከተለው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆች በልደት ፓርቲ የሚንሸራተቱበትን በረዶ መሥራት ብዙ አያስጨንቅም፤ ለስለስ ቢል ልጆቹ ግድ የላቸውም። የሆኪ በረዶ ግን ጠንካራ፣ ቀጭን፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። ስንጥቅ ካለው የሰው እግር ይሰብራል። ጀላልዲን ሙያዬ የሚለው ይህን ነው። ሄሮንስ ከሌለ ሙያው የልደት በረዶ ሆኖ ይቀራል።

ባለፈው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ አዲስ ሜዳ ተከፈተ። ግሌን «ክለቡ ወደ ተወለደበት ይመለስ» አለ። ዋረን «ተመልካቻችን አሌክሳንድሪያ ነው» አለ። ተኮራረፉ። አንዱ ኮምፕሬሰር ክፍል መጥቶ «ንገረው» ይላል፣ ሌላው ደውሎ «ንገረው» ይላል፤ ጀላልዲን መልእክተኛ ሆነ። ሊጉ ደግሞ ሁለቱም የተስማሙበትን ሜዳ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላሳወቁ ክለቡን ከሲዝኑ እንደሚያወጣው ነገራቸው።

«የትም ይሁን፣ እከተላለሁ» አለኝ ጀላልዲን፣ ቤቱ ቁጭ ብለን። «ብቻ ይኑር።» እኔ የኤሲ ጠጋኝ ነኝ፤ በሙያ ነው የተዋወቅነው። «ሽማግሌ እንላክ» ሲል የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ሚስቱ ሰአዳ ከወጥ ቤት ሰማችው።

«ለፈረንጅ ሽማግሌ? ፖሊስ ነው የሚጠሩባችሁ!»

«ፈረንጅ አይጣላም? ከተጣላ ይታረቃል።»

«ታዲያ አፖይንትመንት ያዝ።»

«ሽማግሌ በአፖይንትመንት አይሄድም!»

ስካይላይን ከሚባሉት ፎቆች ጋሽ ወልደአምላክን፣ ከአሌክሳንድሪያ ሐጂ ኑዕማንን ይዘን በእኔ ቫን ሄድን። ሁለቱም አገር ቤት ሳሉ ስንት የተጣላ አስታርቀዋል። ፌርፋክስ ዋረን ቤት ስንደርስ እሱ ራሱ በሩን ከፍቶ እኛን አየ። ነጭ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ጀላልዲን።

«ኮምፕሬሰሩ ተቃጠለ?» አለ ዋረን ደንግጦ።

ግቡ አለን፣ ገባን። ተቀመጡ አለን፣ አልተቀመጥንም። ሚስቱ የሎሚ ጭማቂ አመጣች፤ ጋሽ ወልደአምላክ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና «የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመ አንቀመጥም፣ አንቀምስም በላቸው» አሉ። ጀላልዲን ተረጎመ። ዋረን ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ጭማቂውን አየች።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«ከወንድምህ ጋር እንድትታረቅ» አሉ ሐጂ።

«ወንድም የለኝም።»

«ግሌንስ?»

ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆመን ጠበቅነው። እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ አይኑን ጠርጎ «እሺ» አለ፤ ያኔ ተቀመጥን፣ ጭማቂውንም ጠጣን። ግሌን ቤትም እንደዚያው ሆነ፤ እሱ እንዲያውም ከእኛ ጋር አብሮ ቆመ።

እርቁ የተፈጸመው አሌክሳንድሪያ፣ ሜዳው ዳር ነው። ተቃቀፉ። ሐጂ መረቁ፣ ጋሽ ወልደአምላክ አሜን አሉ። ከዚያ እንደ ወጉ ቃል አስገቧቸው፦ ያጣላቸውን ነገር ከእንግዲህ አንዳቸውም ላያነሱ። ግሌን እጁን አንስቶ ማለ። ዋረንም ማለ። ጀላልዲን ራሱ ነው የተረጎመላቸው፣ ደስ ብሎት፣ አንድም ቃል ሳያጓድል።

ያጣላቸው ሜዳው ነው። ሊጉ የሚጠይቀውም ሜዳው ነው። ያን ቀን ይህ ለማናችንም አልታየንም።

ሁለቱ አብረው ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ። ወሩ ግን እየገፋ ነው። ጀላልዲን ግሌን ጋ ሄደ።

«ሜዳውን ወሰናችሁ?»

«ዋረን የመረጠው ይሁን። እኔ ያንን ነገር አላነሳም፣ ምያለሁ።»

ዋረን ጋ ሄደ።

«ግሌን እንዳለው። ሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

ጀላልዲን ሐጂን ኮል አደረጋቸው፤ ስፒከር ላይ ስለነበሩ ሰማሁ።

«ሐጂ፣ ቃሉን ይፍቱላቸው። ስለ ሜዳው ይነጋገሩ።»

«አስታርቀን ስናበቃ ጠባችሁን አንሱ ልንል? ምን ነካህ አንተ?»

«ክለቡ ሊፈርስ ነው!»

«ሰዎቹ ሰላም ናቸው?»

«ሰላም ናቸው።»

«ታዲያ አልሐምዱሊላህ በል።»

ጋሽ ወልደአምላክ ጋ ደወለ። እሳቸውማ ጭራሽ ስካይላይን ሙሉ አውርተውታል፤ ሁለት ፈረንጅ ማስታረቃቸውን የሊፍቱ ጠጋኝ ሳይቀር ያውቃል።

ወሩ አለቀ። ሊጉ ክለቡን አውጥቶ ተራውን ለሌላ ክለብ ሰጠ። ተጫዋቾቹ ተበተኑ።

ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ላግዘው ሄድኩ። የክለቡ አርማ የሆነው ወፍ መሐል ሜዳ ላይ በበረዶው ሽፋኖች መካከል ተቀብቷል፤ እሱን ለማውጣት በረዶውን ማቅለጥ ያስፈልጋል። ጀላልዲን ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ ቦቲ ጫማ አጥልቋል። ወለሉ ውሃ አቁሮ፣ ወፉ ሰማያዊ ቀለም እየለቀቀ ነው።

ግሌንና ዋረን ተያይዘው ገቡ። ኬክ ይዘዋል።

«ጀላል፣ ወንድሜን መለስክልኝ» አለ ዋረን።

«ምንም አይደል» አለ ጀላልዲን። ፊቱ ግን ሌላ ይላል።

ኬኩን ወንበር ላይ አስቀምጠው አካፋ አነሱ። እንርዳህ አሉ። እርጥቡ በረዶ መሐል ቆሙ።

«ከየት እንጀምር? ከዚህኛው ጎል ወይስ ከዚያኛው?» አለ ግሌን።

«አንተ እንደፈለግህ» አለ ዋረን።

«አይ፣ አንተ ምረጥ።»

«ግድ የለኝም፣ አንተ...»

«ከዚህ!» ብሎ ጮኸ ጀላልዲን፤ ድምፁ ጣሪያው ላይ አስተጋባ። አካፋውን ከግሌን እጅ ነጥቆ እርጥቡ በረዶ ላይ ሰካው። «ከዚህ! በቃ! ከዚህ!»

ግሌን አካፋውን ነቀለ፤ ሁለቱ ተያዩና ባሳያቸው በኩል መዛቅ ጀመሩ።