በጭድ ቤት ያልቀለድኩበት ቀን

ፖሊሶች የያዙን አርብ ገበያ ላይ ነው፤ እኔ በበርበሬ ዋጋ እየተከራከርኩ፣ ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆማ እየሳለች። ሁለታችንም የጋይንት ልጆች ነን። በጃንሆይ ጊዜ ከተማ ወርደን ክር ፋብሪካ ገባን፤ ሦስት ዓመት የጥጥ ብናኝ ስንውጥ ኖርን። ኋላ «መስኮት ይከፈትልን፣ አፋችንን የምንሸፍንበት ጨርቅ ይሰጠን» ብለን ሴቶቹ ሁሉ ሥራ አቆምን። ፖሊስ ሲመጣ ወደ አገራችን ሸሸን። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሯል።

ያስገቡን የገብስ ጭድ ይከመርበት የነበረ ጎጆ ነው። እግር በተነሣ ቁጥር አቧራው ቡን ይላል። ለጓደኛዬ ሰጋሁ። እሷ ቁጡ ናት፤ ስትናደድ ደረቷ ይዘጋና ትንፋሿ ያፏጫል። እኔ ያንኑ ብናኝ ውጬ ከጉንፋን በቀር አላውቅም። «አንቺስ ደረትሽን ሳቅሽ ነው የጠረገልሽ» ትለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የፖሊሶቹ መቶ አለቃ በሩ ላይ ቆመ። የሚፈልገው አንድ ስም ነው፦ ሴቶቹን ያሳደመችው ማን ናት? ያቺ እኔ ነኝ። እሷ ታውቃለች።

እኔን ሲጠይቀኝ «ጌታዬ፣ ያሳደመን ማሽኑ ነው፤ እሱን ይያዙልን» አልኩት። ዘበኛው ሳቀ። መቶ አለቃው ግን ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ሳላም! ባልሽም ሳልሽ አማሮት ነው የፈታሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ የፈታሁት!» ብላ ዘላ ተነሣች። ጭዱም አብሯት ተነሣ፤ ትንፋሿ እጥር አለ።

ስትናደድ ትንፋሿ እንደሚዘጋ ገባው። ከዚያ ወዲያ ዱላ አላስፈለገውም። በሩን ዘግቶ በስንጥቁ እናቷን፣ ዘሯን ይሰድባል፤ እሷም ትመልሳለች።

«ተይው እቴ፣ ዝም በይው።»

«ብሞትም ዝም አልለውም!»

ላረጋጋት ብዬ አረማመዱን አስመሰልኩላት። ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነና ከንፈሯ ጠቆረ። ለካ የኔም ቀልድ ይገድላል።

«ስሟን ጥሪና ወደ ፀሐይ ላውጣሽ» አለ ከውጭ።

ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ እንደማያያት እንኳ ረስታ።

በሩን ደበደብኩ። «እኔ ነኝ!»

ከፈተው። «ደግሞ ምን ልትቀልጂ ነው?»

ከገባን ጀምሮ ስቀልድ የሰነበትኩ ሴት፣ ማን ይመነኝ? ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «አልቀለድኩም ጌታዬ። ማሽኑን አቁሙት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ይጻፉት። እሷን ያውጧት።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም አየሁት።

«አውጣት» አለው ዘበኛውን።

ደግፎ ሲያወጣት ዞራ አፈጠጠችብኝ። «ማን... ተናገሪ... አለሽ?»

«ኋላ ትቆጪኛለሽ፤ አሁን ተንፍሺ።»

እኔ ስምንት ወር ታሰርኩ። እሷ ሰባት ክረምት ኖረች፤ እስክትሞት ድረስ በዚያ ነገር ስትቆጣኝ ነበር። ዛሬ አርጅቼም ደረቴ ደህና ነው። ሰዎች «ሳቂታ ስለሆንሽ ነው» ይሉኛል። እንጃ። በዚያ ፋብሪካ እንደኔው ሲስቁ የሚውሉ ብዙ ነበሩ፤ እነሱንም ሳሉ አልማራቸውም።